ያለ ኔትወርክ በኮሶበር ሜዳ

ዓርብ፣ ከንጋቱ 11፡30፣ ባሕር ዳር

መነኻሪያው ገና አልነጋለትም፤ ረዳቶቹ ግን ከነቁ ቆይተዋል። «ዳንግላ፣ ኮሶበር፣ የሞላ!» ይላል አንዱ፣ ሦስት ሰው ብቻ በተቀመጠበት ሚኒባስ በር ላይ ቆሞ። «የሞላ» የሚለው ቃል መነኻሪያ ውስጥ ትርጉሙ ሌላ እንደሆነ ስለማውቅ፣ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ይዤ ነጠላዬን ተከናንቤ ተቀመጥሁ። ሚኒባሱ በእርግጥ የሞላው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው።

የምሄደው ለፈረስ በዓል ነው። በዚህ ገጽ ስለ መንገድና ስለ ሆቴል ምግብ ስማረር ስለምታውቁኝ፣ አሁንም ለማማረር የወጣሁ ሊመስላችሁ ይችላል። ዘንድሮ ግን ሁለት ጉዳይ አለኝ። አንደኛው አባቴን ከዳንግላ ይዤ ኮሶበር ሜዳ ላይ ማድረስ ነው። ሁለተኛው የእኅቴ ልጅ ሰናይት ሠራሁት ያለችውን ነገር በዓይኔ ማየት ነው። ኮሶበር የምለው እንጅባራን ነው፤ ሰሌዳው ላይ እንጅባራ ተብሎ ቢጻፍም የእኛ አፍ የለመደው ኮሶበርን ነው።

ሰናይት የሠራችው ስልክ ላይ የሚጫን አፕ ነው። ስሙን «ቅብብል» ብላዋለች። ያለ ኔትወርክ መልእክት ያደርሳል ትላለች። እኔ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ዜሮን በምንም ብታባዛው ዜሮ ነው ብዬ ነው የማምነው። ይህንኑ ስነግራት ስቃ፣ «ነይና እዪው» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

ሹፌሩን በበዓሉ ቀን ስልክ ይሠራል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። በመስተዋቱ አየኝና፣ ሜዳው በሞላ ቁጥር ስልክ ድንጋይ ነው አለኝ። አምና እሱና ሚስቱ እዚያው ሜዳ ላይ ሲፈላለጉ ውለው የተገናኙት ማታ ቤታቸው ነው። «እኔ እሷን ስፈልግ ዋልሁ፣ እሷ ግን እስካሁን የት ነበርህ ትለኛለች» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀበት። እኔም ሳቅሁ። በማግስቱ ሳቁ ወደኔ እንደሚዞር አላወቅሁም።

መራዊን ፀሐይ ስትወጣ አለፍናት። ዱርቤቴ ላይ ሰው ወርዶ ሰው ተሳፈረ፣ ከሰው ጋር አንድ ዶሮና ሁለት ጄሪካን ገባ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ከፍ እያለ፣ ብርዱም እየጠና፣ ሜዳው የታጨደ የጤፍ ገለባና የባሕር ዛፍ ጥላ ሆነ።

ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ዳንግላ

ዳንግላ የሚቀበላችሁ በጋሪ ነው። ጋሪው ከባጃጁ ጋር እየተጋፋ፣ ሰውም እህልም ቆርቆሮም ጭኖ ይሄዳል። እኔን የጫነኝ ባለጋሪ የፈረሱ ግንባር ላይ ቀይ ክር አስሮበታል። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ነገ የፈረስ በዓል ነው አለኝ፤ የእሱ ፈረስ ሜዳ የሚወርድ ዓይነት አይደለም፣ ሥራ ላይ ነው፣ ግን ቅር እንዳይለው ብሎ ነው።

የሰናይት እናት፣ እኅቴ ጥሩዬ፣ ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ። በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እትዬ እላታለሁ። ከኋላዋ አባቴ፣ አቶ ዓለሙ ታረቀኝ፣ አዲስ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ጫማቸውን አስረው ተቀምጠዋል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እንደዚህ ናቸው አለችኝ።

አባቴ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው ደህና ነው፤ ጥርሳቸው የገብስ ቆሎ ይሰብራል። የከዳቸው ማስታወስ ነው። መጀመሪያ የልጅ ልጆቻቸውን ስም ቀያየሩ፤ ቀጥሎ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የራሳቸውን ቅያስ አልፈው ሄዱ። አማርኛቸውም እየሳሳ ነው፤ የልጅነታቸው አገውኛ ግን እንዳለ አለ። ባለፈው ክረምት ጠፍተው አደሩ። በማግስቱ አንድ ገበሬ ከአስፋልቱ ዳር አግኝቶ፣ በዝናብ የራሰ ጋቢያቸውን በራሱ ጋቢ ቀይሮ አመጣቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ ጥሩዬ ከግቢ አታስወጣቸውም። ገበያ የለም፣ ለቅሶ የለም፣ ማኅበር የለም። ጨካኝ ሆና አይደለም። የምታበላቸው እሷ፣ የምታጥባቸው እሷ፣ ሌሊት የምትነሣላቸው እሷ ናት። እኔ ባሕር ዳር ተቀምጬ በስልክ «እንዴት አደሩ» የምል ልጅ ነኝ። ስለዚህ ዘንድሮ ለበዓሉ ልውሰዳቸው ብዬ ስለምናት አንድ ወር ፈጅቶብኛል።

ስንወጣ እጃቸውን በእጄ ላይ አኖረች።

«ትይዣቸዋለሽ» አለችኝ።

«እይዛለሁ እትዬ።»

«ከእጅሽ ካመለጡ ግን ይኸ የመጨረሻቸው ነው። ከእንግዲህ ወደ ሰው መኻል አላወጣቸውም። ያኔ አንቺም እንዳትከራከሪኝ።»

እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? አባቴ በበኩላቸው ንግግራችንን አልሰሙም፤ የባለጋሪውን ፈረስ አንገት እየደባበሱ በአገውኛ ያናግሩት ነበር።

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኮሶበር

ከዳንግላ እስከ አዲስ ቅዳም ድረስ የመንገዱ ግራና ቀኝ ዲከረንስ ነው። ይህ ዛፍ ለከሰል ይተከላል፤ በየአስፋልቱ ዳር አፉ በሣር የተወተፈ የከሰል ጆንያ ተደርድሮ መኪና ይጠብቃል። አባቴ በመስኮቱ እያዩ፣ እዚህ ገብስ ነበር፣ እዚያ ግጦሽ ነበር፣ ይሉኛል። የልጅ ልጆቻቸውን ስም የሚቀያይሩ ሰው የማን እርሻ የት ድረስ እንደነበር አንድም አልሳቱም። አጠገባችን የተቀመጠ ገበሬ በአገውኛ ሲመልስላቸው ደግሞ ፊታቸው በራ፤ እኔን ረስተው ከእሱ ጋር ተጫወቱ።

ኮሶበር ስንወርድ ብርዱ አጥንት ይገባል። መነኻሪያው ዳር የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ተደርድሯል፤ ከጀርባው ሰዎች ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ። ሰናይት ከሁለት ጓደኞቿ ጋር የከፈተችው የስልክ ጥገና ሱቅ እዚያው ጀርባ ነው። ኮምፒውተር ተምራ ተመርቃለች፤ ሥራ እስኪገኝ ብላ የጀመረችው ጥገና ሥራ ሆኖ ቀረ። አያቷን ስታይ መፍቻውን ጥላ ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች።

ማታ ድንች ቀቅላ በዳጣ አቀረበችልን፤ አፑንም ያስረዳችኝ በዚያው ድንች ነው። ትሪው ላይ ድንቾቹን በተርታ አራርቃ አስቀመጠች። እያንዳንዱ ድንች ስልክ ነው አለችኝ። ወትሮ ስልክ ሲደወል ሁሉም ወደ አንድ የኔትወርክ ምሰሶ ነው የሚጮኸው፤ ሰው ሲበዛ ምሰሶው ይታነቃል። ቅብብል ግን ምሰሶውን አይፈልገውም። አንዱ ስልክ በብሉቱዝና በዋይፋይ አጠገቡ ላለው ስልክ ያቀብላል፣ ያኛው ለሚቀጥለው፣ እንዲህ እያለ ሜዳውን ያቋርጣል። ባለስልኩ ኪሱ ውስጥ ከቶት ቢሄድም ስልኩ ያቀብላል።

«ታዲያ ሰው ሲበዛ አይታነቅም?» አልኳት።

«እሱ ነው እኮ አክስቴ። ሰው በበዛ ቁጥር መንገዱም ይበዛል።»

ይህን ስትል አባቴ መኻል ያለውን ድንች አንሥተው በሉት። ሰናይት ደስ አላት። አንዱ ስልክ ቢጠፋ መልእክቱ በሌላ በኩል ዞሮ እንደሚያልፍ በጣቷ አሳየችኝ። አባቴ ሁለተኛውን ሲያነሡ ግን ትምህርቱን አቁመን መብላት ያዝን።

ያበሳጫት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ላለፉት ሳምንታት ከጓደኞቿ ጋር በየወረዳው እየዞረች አፑን በፈረሰኞቹ ስልክ ላይ ስትጭን ከርማለች። አፑ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስም ነው። ፈረሰኞቹ ታዲያ «ስም» በሚለው ቦታ ላይ የራሳቸውን ሳይሆን የፈረሳቸውን ስም ሞልተዋል። ዝርዝሩን አሳየችኝ፤ ቦራ፣ ሻንቆ፣ ገስግስ፣ አይደፈር፣ እያለ ይወርዳል። «አፔን ጋጣ አደረጉብኝ» አለች። ከበዓሉ በኋላ ሁሉንም አጥፍታ፣ በመታወቂያቸው ስም እንደገና ልትመዘግባቸው አስባለች። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። መምህር ስለሆንሁም ትእዛዝ በደንብ አለማንበብ ነው ብዬ ፈረድሁባቸው።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ሜዳው

ፈረስ ወዳድ አይደለሁም። ልጅ ሆኜ አባቴ ሜዳ ሲወርዱ እኛ ቤት ቀርተን ድንች እንልጥ ነበር፤ ለሴት ልጅ የፈረስ ነገር ምኗም አልነበረም። ዛሬ ግን እንባዬ መጣ። በየአቅጣጫው ካለው ኮረብታ ፈረሰኛ ይወርዳል። በፈረሶቹ ጀርባ ላይ የተጣለው ግላስ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ነው፤ አንገታቸው ላይ ያለው ቃጭል ይሰማል። ሽማግሌም ጎረምሳም ተጭኗል። ነጠላዋን አደግድጋ እንደ ወንዶቹ ቀጥ ብላ የተቀመጠች አንዲት ሴትም አየሁ፤ እጄን አውለበለብሁላት፤ እሷም ጅራፏን ከፍ አደረገችልኝ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ሞተ ማለት ይቻላል። ለእትዬ ጥሩዬ ደህና ደርሰናል ልላት አራት ጊዜ ሞከርሁ፤ አራቱንም ጊዜ ዝም አለ። ዙሪያዬን ሳይ ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ሰማይ ይዞ ይሽከረከራል።

ቅብብል ግን ይንጫጫል። ሰናይት ጠዋት በጫነችልኝ አፕ ላይ መልእክት በመልእክት ላይ ይመጣል። ከጫግኒ የመጡ ሰዎች መኪና የት እንደቆመ፣ እርካብ የተሰበረበት ሰው መለዋወጫ እንደሚፈልግ፣ አንዲት ሴት ቁልፏን እንደጣለች፣ ቁልፉን ያገኘ ሰው የበዓሉ መድረክ ላይ ካለው ማይክራፎን ጋ እንደሚጠብቃት። ከእያንዳንዱ ሥር በስንት ስልክ አልፎ እንደደረሰ ተጽፏል። የቁልፉ መልእክት በሠላሳ አንድ ስልክ አልፏል። እነዚያ ሠላሳ አንድ ሰዎች እንዳቀበሉ እንኳን አያውቁም።

ዜሮን በምንም ብታባዛው ዜሮ ነው ያልሁትን ሰናይት አላነሣችብኝም። እኔ ራሴ አነሣሁባት፤ ተሸንፌያለሁ አልኳት። ሁለት ሽማግሌ ፈረሰኞች ወደሷ መጥተው፣ «ልጄ፣ ይቺ ነገር ቆማብኛለችና እይልኝ» እያሉ በየተራ ስልካቸውን ሲሰጧት አየሁ። ከዚህ በፊት በዚህ ሜዳ ላይ ለመናገር መብት የነበረው ፈረስ ያለው ብቻ ነበር። የእኔ እኅት ልጅ፣ ጥፍሯ ውስጥ የብየዳ ጥቁር ያለባት፣ መኻሉ ላይ ቆማ ታዝዛለች። ኮራሁ፤ ምን ልደብቅ።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 5፡40፣ እዚያው

ጉግስ ተጀመረ። ሁለት ቡድን ፈረሰኛ ፊት ለፊት ተፋጥጦ፣ አንዱ ሸሽቶ ሌላው በዘንግ ያባርረዋል፤ የሚሸሸው በጋሻው ይመክታል። አንዲት ግራጫ ፈረስ ከመስመሩ ተፈትልካ ወጥታ ወደኛ ስትመጣና ጋላቢው በመጨረሻው ቅጽበት ሲመልሳት ሰው ሁሉ ተነሣ። እኔም ተነሥቼ እልል አልሁ። በሁለት እጄ አጨበጨብሁ።

በሁለት እጄ። ነገሩ የገባኝ እጄን መልሼ ስዘረጋ ነው። አባቴ በነበሩበት ቦታ አንድ የማላውቀው ወጣት ቆሟል።

ሰናይትን ከሰው መኻል እየጎተትሁ አወጣኋት። አባባ ጠፉ አልኳት። እሷ ግን አልጮኸችብኝም፤ ስልኳን አወጣችና ጻፈች፦ አቶ ዓለሙ ታረቀኝ የሚባሉ የ78 ዓመት አዛውንት ጠፍተዋል፤ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ ከዘራ ይዘዋል፤ ያያቸው ያሳውቀን።

መልሱ ወዲያው መጣ። «እዚህ አሉ፣ ማይክራፎኑ ጋ።» ሮጥን። ነጭ ጋቢ ለብሰው ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ቁጭ ብለው ዳቦ ይበላሉ፤ የኛ አይደሉም። «አግኝተናቸዋል፣ ከአጥሩ ሥር።» ሮጥን። ነጭ ጋቢ፣ ከዘራ፤ የኛ አይደሉም። ከዚያ በኋላማ መልሱ ዘነበ። በጎ ሰው በየፊናው የራሱን ሽማግሌ እያገኘ ያስታውቀናል። ኮሶበር ሜዳ ላይ ነጭ ጋቢ ያልለበሰና ከዘራ ያልያዘ ሽማግሌ ብንጠይቅ ይሻል ነበር።

በመካከሉ ሌላ መልእክት መጣ፤ ከኛ ጋር የማይገናኝ። «ሳተናው የሚባል ልጅ ጠፍቷል። አባቱ ከወንዙ ዳር ከባሕር ዛፉ ሥር ቆመው ይፈልጉታል። ሳተናው፣ በእግዚአብሔር፣ ወደ አባትህ ና።» ሌላም ሰው እንደኔ ቆሽቱ እያረረ ነው አልሁና፣ ምስኪን አባት ብዬ በጣቴ ወደ ላይ ገፋሁት። የራሴን መፈለግ ነበረብኝ።

የእትዬ ጥሩዬ ቃል ጆሮዬ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ያሳዘነኝ ቁጣዋ አይደለም። አባቴ ዛሬ በሕይወት ቢገኙም፣ ከዛሬ በኋላ የሚቀራቸው የጓሮው ቃሪያና አንድ በርጩማ ነው። ያንን ያደረግሁባቸው እኔ ነኝ፣ ለአንድ እልልታ።

ቅዳሜ፣ 7 ሰዓት ሊሆን ሲል

ሦስተኛው ሽማግሌ ዘንድ ስንደርስ እሳቸውም አባቴ አልነበሩም። አጠገባቸው ግን ፈረሱን በልጓሙ ይዞ የቆመ ጎልማሳ ነበር፤ ይሁኔ ይባላል፣ ከዳንግላ ገጠር የመጣ ነው። ማንን ነው የምትፈልጉት አለን። አቶ ዓለሙ ታረቀኝን አልነው። አላውቃቸውም አለ።

«ይጋልቡ ነበር?» አለኝ።

«ድሮ። ሃያ ዓመት።»

«ፈረሳቸው ማን ይባላል?»

«ዳማ» አልሁት። ቤት ውስጥ ዳማው ነበር የምንለው።

«ዳማ መልኩ ነው እኅቴ። ዳማማ ስንት አለ እዚህ። ስሙን ነው የጠየቅሁሽ።»

አላውቀውም። በዚህ ዕድሜዬ፣ ባደባባይ፣ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ሃያ ዓመት በደጃችን የታሰረ፣ አባቴ ከእኛ በፊት ውኃ የሚያጠጡት ፈረስ፣ ሜዳ ላይ የሚጠራበት ስም እንዳለው እንኳን አልጠየቅሁም። ያስታወስሁትን ነገርሁት። ግንባሩ ላይ ነጭ ነበረው፤ የግራ ጆሮው ጫፍ የተሸረፈ ነበር፤ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል።

ይሁኔ ፊቱ ተለወጠ። «የሳተናው ጌታ ናቸዋ» አለ። «እሳቸውን ነው አቶ ዓለሙ ምናምን የምትሉኝ? የሳተናውን ጌታ ብትሉ እኮ የዚህ ሜዳ ሽማግሌ ሁሉ ያውቃቸዋል።»

ሰናይትና እኔ ተያየን። ስልኬን አውጥቼ መልእክቱን ወደ ታች ፈለግሁት። እዚያው አለ። ሳተናው የሚባል ልጅ ጠፍቷል፣ አባቱ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆመው ይፈልጉታል። አባቴ አልጠፉም ነበር፤ ፈረሳቸው ጠፍቶባቸው ነው። ወሬው እኔ ጋ ከደረሰ ሃምሳ ደቂቃ ሆኖታል፤ እኔ ነኝ ገፍቼ ያሳለፍሁት።

ሰናይት መልሱን ልትጽፍ ስትል እጇን ያዝሁ። በአማርኛ ብትጽፊው ማንም ያነብላቸዋል፤ ግን ቢያነቡላቸውም ላይገባቸው ይችላል አልኳት። ይሁኔም በአገውኛ ይሁን አለ። እኔ አገውኛ እናገራለሁ እንጂ መጻፍ አልችልም፤ በኔ ጊዜ ትምህርት ቤት በአማርኛ ብቻ ነበር። ሰናይት ግን አንደኛ ደረጃ የተማረችው በአገውኛ ነው። ጣቶቿ ሳያመነቱ ጻፉት። የሳተናው ጌታ ሆይ፣ ልጅዎና የልጅ ልጅዎ ኮረብታው ሥር ነን፣ እዚያው ይቆዩ፣ እንመጣለን፣ የሚል ነው። ላኪ በሚለው ቦታ ላይ የራሷን ስም አጥፍታ «የሳተናው ቤት» አለች።

መልሱ የመጣው «አይደፈር» ከሚባል ነው። ማታ የሳቅሁበት ዝርዝር ላይ የነበረ ስም ነው። በስልሳ ሦስት ስልክ አልፎ ደርሷል። «ቁሙ፣ እናመጣቸዋለን» ይላል።

ቆምን። መጀመሪያ ያየነው እሳቸውን አይደለም፤ መንገዱን ነው። ከወንዙ በኩል፣ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ማንም በማይክራፎን ሳያዘው፣ ስልኩን ያየ ሁሉ ወደ ጎን እየተጠጋ፣ ከኛ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ተከፈተ። ወሬው ከሰውየው ቀድሞ መጥቶ ነበር። በዚያ መኻል አባቴ በአንድ ግራጫ ፈረስ ላይ ተቀምጠው ይመጣሉ። ልጓሙን የያዙት ራሳቸው ናቸው። የፈረሱ ባለቤት በእግሩ ከጎናቸው ይራመዳል፣ ከኋላው አንዲት ቆሎ ሻጭ ከዘራቸውን ይዛ ትከተላለች። ሽማግሌዎቹ እየተነሡ «የሳተናው ጌታ» ይላሉ። አባቴ ጀርባቸው ቀጥ ብሏል፣ እግራቸው እርካቡን ያውቀዋል፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አንገታቸውን ዝቅ እያደረጉ ሰላምታ ይመልሳሉ። እትዬ ጥሩዬ ቆማ ብታያቸው ኖሮ!

ቆሎ ሻጯ የሆነውን ነገረችን። ከፈረሶቹ ውኃ መጠጫ ዳር ቆመው አገኘቻቸው። ማንን እንደሚፈልጉ ስትጠይቃቸው ሳተናውን አሏት፤ ልጅዎ ነው ስትላቸው አዎ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሥራዋ ተነሥታ፣ ጥላ ሥር አስቀምጣ፣ ቆሎ ሰጥታ፣ ጉዳዩን በስልኳ ያሰራጨችው እሷ ናት። ልጅ ብዬ ስጽፍ ዋሸሁ እንዴ አለችኝ። አልዋሸሽም አልኳት።

አባቴ ከፈረስ ሲወርዱ ተቀበልኋቸው። እጃቸው ሞቋል።

«ሳተናው ሞቷል አሉኝ» አሉ በአገውኛ።

«አዎ አባባ። ቆይቷል።»

እንዳዲስ መርዶ የተነገራቸው ያህል አዘኑ። ቀጥለው ግን ወደ ሕዝቡ ዞረው አዩና፣ «ሁሉም ያውቁታል» አሉኝ። ይህን ሲሉ አንድ ጊዜ እንኳን አልተደናበሩም።

ሰናይት የዚያን ቀን ማታ ዝርዝሩን ከፈተች። የፈረሶቹን ስም አላጠፋችም። ከ«ስም» ቀጥሎ ሌላ መስመር ጨመረችና «የፈረስ ስም» አለችው። እኔ ደግሞ የፈረድሁባቸውን ፈረሰኞች ሁሉ በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ትእዛዙን በደንብ ያላነበብሁት እኔ ነበርሁ።

እሑድ፣ ረፋድ፣ ዳንግላ

ሰናይትም ከኛ ጋር ተሳፈረች። ከኮሶበር እስከ ዳንግላ ባለው መንገድ ለእትዬ ጥሩዬ የምነግራትን ውሸት ሳዘጋጅ መጣሁ። ጥሩ ውሸት ነበር፤ እጃቸውን ሳልለቅ ውዬ፣ ግልቢያውን አይተው፣ ድንች በልተው ተኙ የሚል። ደጃፉ ላይ እንደወረድን ግን አባቴ ቀደሙኝ። ልጃቸውን ሳሟትና፣ ልክ ዝናብ ጥሎ ነበር እንደሚል ሰው፣ «ትናንት ጠፍቼ ነበር፣ ሕዝቡ አመጣኝ» አሏት።

እኅቴ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። ያዘጋጀሁትን ውሸት ጥዬ ሁሉንም ነገርኋት። እልል ያልሁትን፣ ሁለት እጄን፣ ሦስቱን ሽማግሌዎች፣ ገፍቼ ያሳለፍሁትን መልእክት፣ ስሙን ያላወቅሁትን ፈረስ። ስጨርስ ለፍርዱ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቃል ገብቻለሁና አልከራከርም።

የፈረሱ ባለቤት ማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። አናውቀውም፣ አይደፈር ነው የሚባለው፣ እሱም የፈረሱ ስም ነው አልኳት። ቆሎ ሻጯስ አለች። ስሟን ሳልጠይቃት ሄደች አልሁ። መንገድ የለቀቁትስ ስትለኝ፣ «እትዬ፣ ሜዳው ሁሉ ነው» አልኳት። ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ቆየች። አባቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን ለመፍታት እምቢ ብለዋል።

ቀና ስትል የጠየቀችው እኔን አልነበረም፤ ልጇን ነው። «ይቺ ነገርሽ ዳንግላ ገበያ ላይ ትሠራለች?»

ሰናይት ሰው እስካለ ትሠራለች አለቻት፤ ግን በሰዉ ስልክ ላይ አስቀድሞ መጫን አለበት፣ ዳንግላ ላይ ደግሞ ገና ብዙ ሰው የለውም።

እኅቴ ሌላ አልጠየቀችም። ነጠላዋን አጣፋች፣ ወደ መንገዱ ወጣች፣ መኻሉ ላይ ቆመችና መጀመሪያ የመጣውን ጋሪ በእጇ አስቆመችው። ባለጋሪው ተሳፋሪ የምትሆን መስሎት ቦታ ሊያመቻች ሲነሣ፣ ስልክህ ተች ነው ወይስ በቁልፍ ነው አለችው። ግራ ገብቶት ተች ነው አላት።

«እንግዲያው ውረድና ለልጄ ስጣት፣ የምትጭንልህ ነገር አለ» አለችው። ከኋላው ሌላ ጋሪ ሲመጣ ደግሞ እጇን አነሣች። «አንተም ቁም። በሚቀጥለው ገበያ አባቴ ይወጣሉ።»